«አልታየም» እና «የለም»፦ የዓይን በሽታ አመዘጋገብ ታሪክ ከጥሊሊ ሲታይ

ጥሊሊ ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች፣ የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ መቀመጫ የሆነች የአዊ ከተማ ናት። እንደ እሷ ባለች የወረዳ ከተማ ዓይኑን አሞት ጤና ጣቢያ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ዓይነት አያልፍም። አንዱ ዓይኑ ቀልቶና ዓይናር አውጥቶ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኑን የሚወጋው ነው። ሦስተኛው ሞራ የጋረደው አዛውንት ነው። ሦስቱም በመዝገቡ ላይ ስም አላቸው፤ ባለሙያውም በባትሪ ብርሃን አይቶ ስሙን ይጽፋል። አራተኛ ዓይነት ታካሚም አለ። ዓይኑ አልቀላም፣ ዓይናር የለውም፣ ብሌኑ ጥቁርና ንጹሕ ነው። ነገር ግን ሲመሽ መንገዱን ያጣል፣ ከጎኑ የሚመጣውን ከብት አያይም፣ ወይም ሊያየው የፈለገው ነገር ልክ መሐሉ ላይ ይጠፋበታል። የዚህ ሰው በሽታ ከዓይኑ ጀርባ ነው፤ ምናልባትም ኮሮይድ በሚባለው የደም ሥር ሽፋን ላይ። በመዝገቡ ላይ የሚጻፍለት ግን በአመዛኙ «ሌላ የዓይን በሽታ» ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ይህ ረድፍ እንዴት እንደተፈጠረ ታሪኩን በመከተል አንድ ነገር ማሳየት ነው፦ የዓይን በሽታ ስምና ቁጥር ያገኘው በሽታው ባደረሰው ጉዳት ልክ ሳይሆን በዘመኑ መሣሪያ በታየበት መጠን ነው። ስለዚህም በኮሮይድ ስም ባዶ የቀረ ሪፖርት በሽታው እንደሌለ ማስረጃ ተደርጎ ሊነበብ አይገባም። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ሽፋኑ። ኮሮይድ በውጪው ነጭ የዓይን ግድግዳና ብርሃን በሚቀበለው ሬቲና መካከል የተዘረጋ፣ በደም ሥር የተሞላ ስስ ሽፋን ነው። የሬቲናን ውጫዊ ክፍል የሚመግበው እሱ ስለሆነ ኮሮይድ ሲቆጣ ወይም ሲሟሽሽ ከላዩ ያለው ሬቲናም አብሮ ይጎዳል። ዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምድብ፣ በአሥረኛው እትሙ (አይሲዲ 10)፣ ለዚህ ሽፋን ሦስት ቤቶች ሰጥቶታል። ኤች30 የኮሮይድና የሬቲና ብግነት ነው። ኤች31 ሌሎች የኮሮይድ ሕመሞችን ይይዛል፦ ጠባሳ፣ መሟሸሽ፣ በዘር የሚተላለፍ መበላሸት፣ መድማትና መሰንጠቅ፣ ከቦታ መላቀቅ። ኤች32 ደግሞ ምንጫቸው ሌላ ቦታ በተመዘገበ በሽታዎች ሳቢያ የሚመጡትን የኮሮይድና የሬቲና ጉዳቶች የሚሰበስብ ነው። ልብ ማለት የሚያስፈልገው ነገር እዚህ አለ። ኤች31.9 «ዝርዝሩ ያልተገለጸ የኮሮይድ ሕመም» ማለት ነው፤ ላዩን ሲታይ ባለሙያው እርግጠኛ ባልሆነ ጊዜ የሚጠቀምበት ማረፊያ ይመስላል። ግን ይህን እንኳ ለመጻፍ አንድ ሰው ኮሮይዱን ማየት አለበት። ያላየ ሰው የሚቀረው ኤች57.9፣ ማለትም «ዝርዝሩ ያልተገለጸ የዓይን ሕመም»፣ ወይም የዓይነ ስውርነትና የእይታ መዳከም ቤት የሆነው ኤች54 ነው። ኤች54 የሚናገረው ሰውየው ምን ያህል እንደማያይ ነው፤ ለምን እንደማያይ አይናገርም። በሁለቱ «ያልተገለጸ»ዎች መካከል ያለው ርቀት ታካሚው ያጋጠመው ባለሙያ በእጁ በያዘው መሣሪያ ይወሰናል።

ይህ የቁጥር ሥርዓት ከየት መጣ የሚለውን ስንጠይቅ የዓይን በሽታ ለምን ዘግይቶ እንደገባበት ይገባናል። ፈረንሳዊው ዣክ ቤርቲዮን በ1893 በቺካጎ ለዓለም አቀፉ የስታቲስቲክስ ተቋም ያቀረበው ዝርዝር የሞት ምክንያቶች ዝርዝር ነበር። መንግሥታት ሊቆጥሩ የፈለጉት ሰው በምን እንደሚሞት ነው። ዓይነ ስውርነት ግን በቀጥታ አይገድልም፤ ሰውን ከእርሻውና ከገበያው ለይቶ ለዓመታት ያስቀምጠዋል እንጂ። ስለዚህ በሞት መዝገብ ውስጥ ዓይን ቦታ የሚያገኝበት ምክንያት እምብዛም አልነበረም። ዝርዝሩ የሞትን ብቻ ሳይሆን የሕመምንም ምክንያት ማካተት የጀመረው በ1948 በስድስተኛው እትም ነው፤ ያኔ ኃላፊነቱን የወሰደው ኢትዮጵያ በ1947 አባል የሆነችበት የዓለም ጤና ድርጅት ነው። በዚያ እትም ዓይን የራሱ ምዕራፍ አልነበረውም፤ ከነርቭና ከሌሎች የስሜት ሕዋሳት ጋር በአንድ ምዕራፍ ተጠቃሎ ነበር። ይህ አቀማመጥ እስከ ዘጠነኛው እትም ድረስ ቆይቷል። ለዓይን ለብቻው ምዕራፍ የተከፈተው በ1990 በጸደቀው በአሥረኛው እትም ነው። ከቤርቲዮን እስከዚያ ድረስ አንድ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። የኢትዮጵያ የጤና ሚኒስቴር ለሀገር ውስጥ አገልግሎት ብሔራዊ የበሽታዎች ምድብ ያዘጋጀው ከዚሁ ከአሥረኛው እትም ነው። ጥሊሊ ላይ የሚጻፍ ቁጥር እንግዲህ ሥሩ ሲመረመር የሚገኘው በሞት ቆጠራ ውስጥ ነው።

የመሣሪያውም ታሪክ ከቁጥሩ ታሪክ ጋር አብሮ ይሄዳል። ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ የዓይንን ጀርባ የሚያሳየውን ኦፍታልሞስኮፕ በ1851 ይፋ አደረገ። ከዚያ በፊት የሕያው ሰው ኮሮይድ ምን እንደሚመስል ያየ ሐኪም አልነበረም ማለት ይቻላል። መሣሪያው ግን ጨለማ ክፍል፣ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታና ከሁሉም በላይ የሠለጠነ ዓይን ይጠይቃል። በአንጻሩ የዓይን ማዝ ወይም ትራኮማ ይህን ሁሉ አይጠይቅም። በግብፅ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ማካላን የትራኮማን ደረጃዎች ሲያስቀምጥ 1908 ነበር። በ1987 የዓለም ጤና ድርጅት ይህን አቅልሎ አምስት ምልክቶች ብቻ ያሉት መመዘኛ አወጣ። መርማሪው ሁለት ነጥብ አምስት ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ያደርጋል፣ የላይኛውን ቆብ ይገለብጣል፣ በቆቡ ውስጠኛ ገጽ መሐል አምስትና ከዚያ በላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚያህሉ ቅንጣቶች ካየ ንቁ ትራኮማ ብሎ ይመዘግባል። አንድ ሽፋሽፍት እንኳ የዓይን ኳሱን ከነካ ሌላ ምልክት ያደርጋል። ይህ በቀናት ሥልጠና የሚያዝ፣ በዛፍ ጥላ ሥር የሚሠራ ምርመራ ነው። ትራኮማ ለዘመቻ የተመቸ በሽታ የሆነው ከባድ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ቆቡ ስለሚገለበጥም ነው።

ዘመቻው የሠራውን ሥራ ማሳነስ ስሕተት ይሆናል። በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት፣ የእይታ መዳከምና የትራኮማ ጥናት በአገሪቱ የዓይነ ስውርነት መጠን 1.6 ከመቶ መሆኑን አሳየ፤ የእይታ መዳከም 3.7 ከመቶ ነበር። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት በሆኑ ልጆች ላይ ንቁ ትራኮማ በአገር ደረጃ 40.1 ከመቶ ሲሆን በአማራ ክልል 62.6 ከመቶ ደረሰ። ከዚህ ቁጥር በኋላ በ2008 በምዕራብ አማራ፣ አዊን ጨምሮ፣ ወባንና ትራኮማን ያጣመረ የዘመቻ ሳምንት ተጀመረ፤ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በየቀበሌው ታደለ። ቁጥር እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ይቆጥራል፣ ያሳያል፣ ከዚያ መድኃኒትና በጀት ይጎትታል። ይህ እውነት መከራከሪያዬን ያጠናክረዋል እንጂ አያዳክመውም፤ ቁጥር በጀት የሚጎትት ከሆነ ያልተቆጠረው በሽታ በጀት አጥቶ ይቀራል ማለት ነውና።

የዚያው ጥናት የዓይነ ስውርነት ምክንያቶች ዝርዝር በዚህ ዓይን ሲነበብ ብዙ ይናገራል። የዓይን ሞራ 49.9 ከመቶ፣ በትራኮማ የመጣ የኮርኒያ ጠባሳ 11.5 ከመቶ፣ ሌላ የኮርኒያ ጠባሳ 7.8 ከመቶ ነው። ሦስቱ ሲደመሩ ወደ 70 ከመቶ ይጠጋሉ፤ ሦስቱም ከፊት በባትሪ ይታያሉ። ግላኮማ 5.2 ከመቶ፣ የማኩላ (የሬቲናው መሐል) መሟሸሽ 4.8 ከመቶ ሆነው ከኋላ ብቅ ይላሉ። ኮሮይድ በስሙ ከዋናዎቹ ምክንያቶች መካከል የለም። ይህ ውጤት እውነተኛውን ሥርጭት በብዙው እንደሚገልጥ መቀበል ይገባል፤ ሞራ በእርግጥም የአገሪቱ ዋነኛ የዕውርነት ምክንያት ነው። ሆኖም ዓይነ ስውርነት በሚጠናበት ዓለም አቀፍ ልማድ ውስጥ አንድ ደንብ አለ። አንድ ሰው ከአንድ በላይ ምክንያት ሲገኝበት ዋና ምክንያት ተብሎ የሚመዘገበው በቀላሉ ሊታከም ወይም ሊከላከሉት የሚቻለው ነው። ደንቡ ለዕቅድ አስተዋይ ነው፤ ማን ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ይነግራልና። ውጤቱ ግን ሞራ የጋረደው፣ ከሞራው ጀርባ ደግሞ ኮሮይዱ በጠባሳ የተበላ አዛውንት በሞራ ረድፍ መመዝገቡ ነው። ከዚህም በላይ ሞራው ራሱ መጋረጃ ነው፤ ካልተነሣ ከጀርባው ያለውን ማየት አይቻልም። በየቦታው በሚደረጉት ፈጣን የዓይነ ስውርነት ግምገማዎች ደግሞ የኋላ ክፍል ሕመሞች፣ ግላኮማን የመሳሰሉት ከወጡ በኋላ፣ «ሌላ የዓይን የኋላ ክፍል በሽታ» በሚል አንድ ቤት ይጠቃለላሉ። ለምርምር የወጣ ባለሙያ እንኳ ኮሮይድን በስሙ የሚያስገባበት ቦታ ከሌለው የወረዳ ጤና ጣቢያ ሪፖርት ስሙን ባያነሣ የሚደንቅ አይደለም።

ክርክሩ የሚፈተንበት ምርጡ ጉዳይ ከአዊ በስተምዕራብ ያለው ቆላ ነው። ከአዊ ጋር የሚዋሰነው መተከል፣ ከዚያም ወደ ሰሜን መተማ፣ ኦንኮሰርካ የሚባለው ትል ከሚገኝባቸው የአገሪቱ ክፍሎች መካከል ናቸው። ትሉን የምታስተላልፈው ፈጣን ውኃ ባለባቸው ወንዞች የምትራባ ጥቁር ዝንብ ናት፤ በዓለም ላይ በሽታው የወንዝ ዳር ዕውርነት የተባለውም በዚህ ነው። በኢትዮጵያ መኖሩን ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች በደቡብ ምዕራብ በ1939 ዘገቡ። ከዚያ በፊት በቤልጅግ ኮንጎ ይሠራ የነበረው ዣን ሂሴት በ1930ዎቹ በታማሚዎች ዓይን ጀርባ ያለውን ጉዳት ገልጾ ነበር። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሪድሊ ደግሞ በዛሬዋ ጋና ያየውን በ1945 በዝርዝር አሳተመ። ከማኩላው ጎን የሚጀምር የኮሮይድና የሬቲና መሟሸሽ፣ በሽታው እየገፋ ሲሄድ እየጠበበ የሚመጣ እይታ፣ ቀደም ብሎ የሚታይ የማታ ዕውርነት፤ እነዚህ ከሂሴትና ከሪድሊ ስም ጋር የተያያዙ ምልክቶች ናቸው። ይኸው ሪድሊ በ1949 በዓይን ውስጥ የሚቀመጠውን ሰው ሠራሽ ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከለ፤ ዛሬ በኢትዮጵያ የሞራ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ሰዎች ብርሃን የሚያገኙት በዚያ ሐሳብ ነው። ከአንድ ሐኪም ሁለት ሥራዎች መካከል ከፊት የሚሠራው የሞራ ሌንስ እስከ ወረዳ ዘመቻ ደርሷል፤ ከኋላ የሚታየው የኮሮይድ መግለጫ ግን ከመጽሐፍ እምብዛም አልወጣም።

ምክንያቱ በካርታው አሠራር ላይ ይታያል። በአፍሪካ ኦንኮሰርካ የት የት እንዳለ ለማወቅ ጥቅም ላይ የዋለው ፈጣን ዘዴ በየመንደሩ ከ30 እስከ 50 የሚሆኑ አዋቂዎችን መርጦ በቆዳቸው ሥር ያለውን ዕብጠት በእጅ መዳበስ ነበር። ዕብጠት የተገኘባቸው ሰዎች 20 ከመቶና ከዚያ በላይ ከሆኑ አካባቢው አይቨርሜክቲን የተባለው የትሉ መድኃኒት በማኅበረሰቡ በራሱ እንዲታደልበት ይመረጣል። ስሙን ከዓይን ያገኘ በሽታ ካርታው በእጅ ዳሰሳ ተሣለ። ዘዴው ርካሽና ፈጣን ስለነበር አህጉሩን ለማዳረስ አስችሏል፤ ኢትዮጵያም በ2001 ከካፋና ሸካ የጀመረችውን ዕደላ አስፋፍታ በ2013 ዓላማዋን ከመቆጣጠር ወደ ማጥፋት አሸጋግራለች። ነገር ግን የዓይን ጀርባ በዚያ ሥራ ውስጥ መቆጠር አልነበረበትም፣ አልተቆጠረምም። የኮድ መጽሐፉም ከዚህ ብዙ አልራቀም። በአሥረኛው እትም ኦንኮሰርካ ቢ73 ነው። በሽታው ዓይን ሲነካ ባለሙያው ከምንጩ ጎን የኮከብ ምልክት ያለበትን ሁለተኛ ኮድ እንዲጨምር ይጠበቃል፤ ይህ የመስቀልና የኮከብ አሠራር ከዘጠነኛው እትም ጀምሮ አለ። ኦንኮሰርካ በስሙ የተጠቀሰው ግን በኤች45.1፣ የዓይን ውስጣዊ ብግነትን በያዘው ቤት ነው። ኤች32.0 ሥር የኮሮይድና የሬቲና ብግነት ምንጭ ተብለው በስም የተዘረዘሩት ዘግይቶ የሚመጣ ቂጥኝ፣ ቶክሶፕላዝማና ሳንባ ነቀርሳ ናቸው። ትሉ የማይገኝባት አሜሪካ እንኳ ለራሷ ባሻሻለችው እትም ቢ73ን ከፋፍላ ለውስጣዊ ብግነትና ለግላኮማ የተለየ ቁጥር ሰጥታለች፤ ሂሴትና ሪድሊ የገለጹት የኮሮይድ ጉዳት ግን የገባው «ሌላ» በሚለው ቤት ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ በቁም ነገርም ሊመለስ ይገባል። በኢትዮጵያ የኦንኮሰርካ ዋና መገለጫ የቆዳ ማሳከክና መበላሸት ነው፤ በምዕራብ አፍሪካ ሳቫና እንደታየው የገነነ ዕውርነት እዚህ አልተዘገበም። ታዲያ ያልታወረን ሰው ኮሮይድ ካልቆጠርን ምን ጎደለ? ተቃውሞው እውነት አለው። በምዕራብ አፍሪካም የሳቫናው ትል ከደኑ ትል ይልቅ ዓይን እንደሚያጠፋ ይታወቃል፤ የኢትዮጵያው ለዓይን የዋህ ሊሆን ይችላል። ከጥሊሊ ደጋ እስከ መተከል ቆላ ድረስ በኮሮይድ የታወሩ ሰዎች ተደብቀዋል የሚል ክስ እያቀረብኩም አይደለም። የምለው ከዚህ የጠበበ ነው። «ዕውርነት አልተዘገበም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ክብደት የሚኖረው የዓይንን ጀርባ ያየ ሰው ሲናገረው ነው። ኦንኮሰርካ የሚያደርሰው የኮሮይድ ጉዳት በመጀመሪያ የሚበላው የጎንና የማታ እይታን ነው፤ የእይታ ሰሌዳ የሚለካው ደግሞ የመሐሉን እይታ ነው። ስለዚህ ጉዳቱ ሰውየው ሰሌዳውን በደህና እያነበበ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። አገራችን ትሉን ማጥፋቱ ቢሳካላት እንኳ አይቨርሜክቲን የሞተ ኮሮይድን አይመልስም፤ የቀደሙት ዓመታት ጠባሳ ከሰዎቹ ጋር ይቆያል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጤና ጣቢያው በኩል የሚመጣ ነው። ኮሮይድን በስሙ ብንመዘግብ ምን ልናደርግለት? ሕክምና ከሌለ ስም መስጠት ትርፉ ወረቀት ማብዛት ነው ይባላል። ይህ ክርክር ጠባሳውን ብቻ ሲያይ ትክክል ነው። ነገር ግን በኤች32.0 ሥር ያሉትን ሦስት ስሞች ደግመን እንመልከት፦ ቂጥኝ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ቶክሶፕላዝማ። የሦስቱም መድኃኒት ይታወቃል፤ የነቀርሳና የቂጥኝ መድኃኒት ደግሞ በመደበኛው የጤና አገልግሎት ውስጥ የሚሰጥ ነው። በአዲስ አበባ የተደረጉ የደም ምርመራዎች ቶክሶፕላዝማ አብዛኛውን አዋቂ ነክቶት እንደሚያልፍ አሳይተዋል፤ ተሐዋሲው ባለበት ሰው የመከላከል አቅም ሲዳከም ዓይን ላይ ሊነሣ ይችላል። እንግዲህ በአንድ ሰው ዓይን ጀርባ የሚገኝ ንቁ ብግነት የሌላ፣ ምናልባትም ገዳይ በሆነ በሽታ ላይ የሚጠቁም ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። የኮከቡ ኮድ ትርጉምም ይኸው ነው፤ ዓይኑን ብቻ አታክም፣ ምንጩን ፈልግ ይላል። «ሌላ የዓይን በሽታ» ብሎ መጻፍ ግን ፍለጋውን ገና ሳይጀመር ይዘጋዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሥራ ጫና ነው፤ ከሦስቱም ፍትሐዊው እሱ ይመስለኛል። አሥረኛው እትም ወደ 14,000 የሚጠጉ ኮዶች አሉት። ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውል የጸደቀው አሥራ አንደኛው እትም ደግሞ ከዚያ ይሰፋል፤ ኮዶችን እያቀናጁ አንድን ሕመም ከነምንጩ መግለጽም ይፈቅዳል። በቀን ብዙ ታካሚ የሚያይ የጤና መኮንን ወይም ነርስ ይህን ሁሉ እንዲሸመድድ መጠየቅ ግፍ ነው። ጫናው ሲበዛ ሰው ያላየውን እንዳየ አድርጎ መጻፍ ይጀምራል፤ ያ ደግሞ ከባዶ ረድፍ ይብሳል። ስለዚህ መፍትሔው ኮድ ማብዛት ነው ብዬ አልከራከርም። ታሪኩ የሚያሳየው ችግር የኮድ እጥረት አይደለም፤ ለኮሮይድ ከበቂ በላይ ቁጥር አለ። የጎደለው ባለሙያው ማየት አለማየቱን የሚናገርበት ቦታ ነው።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የትራኮማው ፕሮግራም ራሱ ሠርቶታል። ትራኮማ ከሕዝብ ጤና ችግርነት ወጥቷል ለማለት ከሚያስፈልጉት መስፈርቶች አንዱ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ «በጤና ሥርዓቱ ያልታወቀ» የሽፋሽፍት መቀልበስ ከ0.2 ከመቶ በታች መሆኑ ነው። በዚህ መስፈርት ውስጥ ሁለት ቁጥሮች ተለይተዋል፤ በሽታው ያለበት ሰው አንድ፣ ሥርዓቱ የሚያውቀው ሰው ሌላ። የማናውቀውን ለይተን መቁጠር እንደምንችል፣ ያም ለውሳኔ እንደሚጠቅም በራሳችን ክልል ተረጋግጧል። ይኸው አስተሳሰብ ከቆቡ ወደ ዓይን ጀርባ ሲሻገር የሚጠይቀው አንድ ተጨማሪ ዓምድ ነው፦ «የዓይን ጀርባ ታይቷል ወይስ አልታየም?» ጥሊሊ ላይ ያለው ባለሙያ ኦፍታልሞስኮፕ ከሌለው «አልታየም» ብሎ ምልክት ያደርጋል፤ ይህ ውድቀቱ አይደለም፣ እውነቱ ነው። እንጅባራ ወይም ባሕር ዳር ተልኮ የታየው ታካሚ ደግሞ «ታይቷል» ተብሎ ኤች30፣ ኤች31 ወይም ኤች32 ይሰጠዋል፤ ጤነኛ ከሆነም ጤነኛ ይባላል። በወር መጨረሻ ሪፖርቱን የሚያነብ ኃላፊ ለመጀመሪያ ጊዜ ስንቱ ሰው ኮሮይዱ ጤነኛ ሆኖ እንደተገኘና ስንቱ ሳይታይ እንደቀረ ለይቶ ያውቃል። የመጀመሪያው ቁጥር ስለ በሽታው ይነግረዋል፤ ሁለተኛው የቱ ወረዳ መሣሪያና ሥልጠና እንደሚያስፈልገው ይነግረዋል።

ይህ ጉዳይ ከዛሬ ይልቅ ነገ ይበልጥ ያስፈልጋል። ትራኮማ እየቀነሰ፣ የሞራ ቀዶ ሕክምና እየተዳረሰ በሄደ ቁጥር ከፊት የሚታየው ዕውርነት ይጠባል፤ ሕዝቡ ዕድሜው ሲረዝምና ስኳር በሽታ ሲስፋፋ ደግሞ ከኋላ ያለው ድርሻ ይሰፋል። ያን ጊዜ የጤና ቢሮዎች ያለፉትን ዓመታት መዝገብ ከፍተው የኮሮይድና የሬቲና ሕመም ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ መጠየቃቸው አይቀርም። «የለም» እና «አልታየም» በአንድ ረድፍ ተቀላቅለው ካገኟቸው ማወዳደሪያ አይኖራቸውም፤ በሽታው አደገ ወይስ መሣሪያው ደረሰ ብለው ለይተው መናገር አይችሉም። ማካላን የትራኮማን ደረጃ ያወጣው መድኃኒቱ ከመገኘቱ በፊት ነበር፤ መድኃኒቱ ሲመጣ ግን የት መሄድ እንዳለበት የሚያመለክት ልምድ ጠበቀው። ለዓይን ጀርባም ያንኑ ማድረግ ይቻላል። ወጪው ጥሊሊ መዝገብ ላይ የሚጨመር አንድ ዓምድ ነው፤ መጀመር ያለበትም ባዶውን ረድፍ ጤና ነው ብለን ማንበባችንን ስናቆም ነው።